የኮዱ ዕድሜ ማጠሩ ብቻ አያስጥልም፤ በኦቲፒ ስለ መግባት ለተጻፈው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ የአማርኛ ጽሑፍ በጀማሪ ፕሮግራመሮች ዘንድ እየተዘዋወረ ነው። ዌብ አፕሊኬሽን ላይ የይለፍ ቃልን አስቀርቶ በስልክ በሚላክ ባለ6 አሃዝ የአንድ ጊዜ ኮድ (ኦቲፒ) ብቻ ሰው ማስገባትን ያስተምራል፤ የፕሮግራም ናሙናም አብሮት አለ። በአማርኛ እንዲህ ያለ ትምህርት ቁጭ ብሎ የሚጽፍ ሰው ጥቂት ነውና የጸሐፊውን ድካም አከብራለሁ። መነሻቸውም ልክ ነው። ተጠቃሚዎቻችን አንዱን የይለፍ ቃል ለፌስቡኩም ለባንኩም ያደርጉታል፤ ሲረሱት ደግሞ ደውለው «ክፈቱልኝ» ይላሉ።

የማልስማማው በአካሄዱ ነው። የጽሑፉ ሐሳብ ባጭሩ ይህ ነው፦ ኮዱ ጊዜው ስለሚያልፍ ማንም ገምቶ አይደርስበትም፤ ዕድሜው ባጠረ ቁጥር ጥበቃው ይጠነክራልና 60 ሰከንድ ይበቃል፤ ለአፍታ የሚኖር ነገር ስለሆነ ዳታቤዝ (የመረጃ ማከማቻ) ውስጥ እንዳለ ቢቀመጥ፣ ቁጥር በዘፈቀደ በሚያወጣ በየትኛውም የራንደም ፈንክሽን ቢወጣ ለውጥ የለውም፤ የጊዜ ገደቡን ገጹ ላይ ያለው የሰከንድ ቆጣሪና ያለፈበትን ኮድ ሊሰርዝ ሌሊት የሚሄደው የማጽጃ ሥራ ያስከብሩታል፤ ስልክ ቁጥሩ ሰውየውን ይወክላል፤ ኦተንቲኬተር አፕ (ኮዱን ስልኩ ላይ ራሱ የሚያሰላ አፕ) ለእኛ ሰው አይሆንም።

ናሙናውን ቀድተው ሥራ ላይ ያዋሉ ሁለት ልጆች ሥራቸውን አሳይተውኛል። አንደኛው የክሊኒክ ቀጠሮ መያዣ ነው። የሰው የጤና መረጃ ያለበት ነገር በዚህ ናሙና ሲከፈት እያየሁ ዝም ማለት አልቻልኩም። እኔም ከሁለት ጓደኞቼ ጋር የአንድ እድር የመዋጮ መዝገብ በዌብ ሠርተን እናስተዳድራለን። አባላቱ አዲስ አበባና ደብረ ብርሃን አሉ፤ ልጆቻቸው ዋሽንግተንና ዱባይ ሆነው ይከፍሉላቸዋል፤ መግቢያውም ኦቲፒ ነው። ከዚህ በታች ከምጠቅሳቸው ስህተቶች አብዛኞቹ መጀመሪያ በእኛው ሥራ ላይ የነበሩ ናቸው።

«ጊዜው ስለሚያልፍ ማንም ሊገምተው አይችልም»

ሂሳቡን እንሥራው። ባለ6 አሃዝ ኮድ ከ000000 እስከ 999999 ነው፤ 1,000,000 አማራጭ አለው ማለት ነው። በእጁ እየጻፈ ለሚገምት ሰው ይህ ብዙ ነው፤ ለፕሮግራም ግን ጥቂት ነው። በጽሑፉ ናሙና ውስጥ ማረጋገጫው ፈንክሽን የገባውን ቁጥር ከተቀመጠው ጋር ያስተያያል፤ ካልገጠመ «ኮዱ ትክክል አይደለም» ብሎ ይመልሳል፤ በቃ። ስንት ጊዜ እንደተሞከረ የሚቆጥር አንድም መስመር የለም።

አጥቂው በሰከንድ 1,000 ሙከራ ላከ እንበል። ጸሐፊው ባሉት 60 ሰከንድ ውስጥ 60,000 ይሞክራል፤ የመሳካት ዕድሉ 6 በመቶ ነው። ካልሆነለት «አዲስ ኮድ ላክ» የሚለውን ተጭኖ እንደገና ይጀምራል። ይህን 12 ጊዜ ሲደጋግመው፣ ማለትም በ12 ደቂቃ ውስጥ፣ ዕድሉ ከግማሽ ያልፋል። ዕድሜውን ማሳጠር ያደረገው ነገር ቢኖር አጥቂውን ጥቂት ደቂቃ ማዘግየት ብቻ ነው።

ይህ በወረቀት ላይ የቀረ ስጋት አይደለም። በ2016 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) አናንድ ፕራካሽ የተባለ የደህንነት ተመራማሪ በፌስቡክ የሙከራ ድረ ገጽ ላይ የይለፍ ቃል መቀየሪያው ባለ6 አሃዝ ኮድ የሙከራ ገደብ እንደሌለው አሳየ፤ ዋናው ፌስቡክ ላይ ግን ገደቡ ነበር። ኩባንያው 15,000 ዶላር ሸለመው። በ2019 ደግሞ ሌላው ተመራማሪ ላክስማን ሙቲያ በኢንስታግራም ላይ ያደረገው ይበልጥ ያስተምራል። የኢንስታግራም ኮድ 6 አሃዝ ነበረው፣ በ10 ደቂቃ ያልፍ ነበር፣ የሙከራ ገደብም ነበረው። ሆኖም ገደቡ በእያንዳንዱ የአይፒ አድራሻ (መሣሪያ ኢንተርኔት ላይ በሚታወቅበት ቁጥር) ላይ የቆመ ስለነበር ከብዙ አድራሻዎች በአንድ ጊዜ ለሚመጣ ጥያቄ አልጸናም። ተመራማሪው ከ1,000 አድራሻዎች 200,000 ሙከራ ላከና አለፈለት። ሚሊዮኑን በሙሉ ለመሸፈን 5,000 አድራሻ፣ ወጪውም 150 ዶላር ገደማ እንደሚበቃ አስልቶ አሳየ። የኢንስታግራም ባለቤት ፌስቡክ 30,000 ዶላር ከፈለው፤ ቀዳዳውንም ደፈነ።

ስለዚህ ቆጠራው መታሰር ያለበት ከኮዱና ከአካውንቱ ጋር ነው። አይፒ አድራሻ ረዳት ብቻ ነው፤ በሞባይል ዳታ የሚገቡ ብዙ ሰዎች አንድ አድራሻ ስለሚጋሩ፣ በአይፒ ብቻ የሚዘጋ ሰው አጥቂውን ትቶ ሰፈሩን ሁሉ ሊዘጋ ይችላል። እኛ ለአንድ ኮድ አምስት ሙከራ እንፈቅዳለን። ያኔ የአጥቂው ዕድል ከሚሊዮን አምስት፣ ማለትም ከ200,000 አንድ ይሆናል፤ ኮዱ አንድ ደቂቃም ቆየ አስር ደቂቃ ይኸው ነው። ጸሐፊው ከጊዜው የጠበቁትን ሥራ የሚሠራው ቆጠራው ነው የምለው ለዚህ ነው።

አምስቱን መቁጠር ብቻውን ግን አይበቃም። አጥቂው በቀን 100 አዲስ ኮድ ማስላክ ከቻለ 500 ሙከራ አገኘ፤ ከ2,000 አንድ ዕድል ሆነ፤ በየቀኑ። በመሆኑም አንድ ቁጥር በሰዓትና በቀን ስንት ኮድ ሊጠየቅለት እንደሚችል መገደብ አለበት። ይህ ለኪስም ይጠቅማል። ሐሰተኛ ጥያቄ እያጎረፉ ከኤስኤምኤስ ክፍያው የሚቋደሱ አጭበርባሪዎች አሉ፤ ኢሎን መስክ በ2023 ትዊተር በዚህ መንገድ በዓመት 60 ሚሊዮን ዶላር እንደሚጭበረበር ተናግረው ነበር። ደግሞም አጥቂው አንድን ሰው ትቶ 200,000 አካውንት ላይ አምስት አምስት ጊዜ ቢሞክር በአማካይ አንዱ ይከፈትለታል። በጠቅላላው ሲስተም ላይ የስህተት ሙከራ ድንገት ሲያሻቅብ የሚያስጠነቅቅ ነገር ያስፈልጋል የምለው ለዚህ ነው።

አሁን ብዙ ሰው የሚስተው ቦታ ላይ ደረስን። ቆጣሪው መጨመር ያለበት ኮዱ ከመመሳከሩ በፊት ነው፤ ጭማሪውም በአንድ የዳታቤዝ ትእዛዝ መሆን አለበት። «አንብብ፣ አመሳክር፣ ከዚያ አንድ ጨምር» ብላችሁ ከጻፋችሁት፣ በአንድ ቅጽበት የደረሱ 50 ጥያቄዎች ሁሉም «እስካሁን 4 ሙከራ» የሚለውን ያነባሉ፤ ሃምሳዎቹም ያልፋሉ። እኛ መጀመሪያ የጻፍነው ፕሮግራም እንዲህ ነበር። አንዱ ጓደኛዬ በራሱ ላፕቶፕ 50 ጥያቄ አንድ ላይ ልኮ ሲያሳየን ገደባችን አምስት መሆኑ ቀርቶ ገደብ አለመኖሩን አየን።

ገደብ ሲኖር ሌላ ጥያቄ ይመጣል፤ ክፉ ሰው ሆን ብሎ አምስት ጊዜ ተሳስቶ ባለቤቱን ቢያስቆልፍስ? መፍትሔው ኮዱን ከጠየቀው ብራውዘር ጋር በኩኪ (ብራውዘሩ ውስጥ በምትቀመጥ ትንሽ መለያ) ማሰር ነው። አጥቂው የሚያቃጥለው እሱ ያስጠየቀውን ኮድ ሙከራ ብቻ ይሆናል። ባለቤቱ በለመደው ብራውዘር ሲመጣ የራሱ ቆጠራ ይጠብቀዋል።

«ባጠረ ቁጥር ይጠነክራል፤ 60 ሰከንድ ይበቃል»

ይህ አባባል ከሁሉም በላይ ያሳዘነኝ ነው፤ ጉዳቱ የሚያርፈው በሐቀኛው ተጠቃሚ ላይ ነውና።

እድራችን ሲጀምር ኮዳችን 2 ደቂቃ ይቆይ ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ደብረ ብርሃን ያሉ አንዲት እናት ደወሉልኝ። «ልጄ፣ የምጽፈውን ሁሉ ስህተት ነው ይለኛል» አሉ። የመጣላቸውን ኮድ እንዲያነቡልኝ ጠየቅኋቸው። «የቱን? ሦስት መጥቷል እኮ።» የመጨረሻውን አልኳቸው። «የትኛው መጨረሻ እንደሆነ በምን አውቃለሁ? ሁሉም አንድ ላይ ነው የገባው።» ሰርቨሩ ላይ ስመለከተው የመጀመሪያው ኮድ ሲዘገይባቸው «ድጋሚ ላክ» የሚለውን ሁለት ጊዜ ተጭነዋል። እያንዳንዱ አዲስ ኮድ የቀደመውን ይሰርዛል። ኔትወርኩ ሲመለስ ሦስቱም መልእክቶች ከአራት ደቂቃ በኋላ ተግተልትለው ገቡ፤ በስልካቸው ላይ የተሰለፉትም እኛ በላክንበት ቅደም ተከተል አልነበረም። ሲሠራ የቆየው ኮድም ጊዜው አልፎ ነበር። እኚህ ሴት ምንም አልተሳሳቱም። የተሳሳትነው እኛ ነን።

ያን ዕለት ማታ ዕድሜውን ወደ 10 ደቂቃ አሳደግነው። 10 ደቂቃን ከኪሳችን አላወጣነውም፤ የአሜሪካው የደረጃዎች ተቋም ኒስት በ2017 ባወጣው መመሪያ ለእንዲህ ያለ ኮድ ጣሪያ አድርጎ ያስቀመጠው ነው። የ«ድጋሚ ላክ» ቁልፍም ለ60 ሰከንድ እንዲደበዝዝ አደረግን። ከዚያ በላይ የጠቀመን ግን አዲሱ ኮድ የቀደመውን እንዳይሰርዝ ማድረጋችን ነው። በ10 ደቂቃው ውስጥ ከተላኩት እስከ ሦስት ኮዶች የትኛውም ይሠራል፤ የሙከራ ቆጣሪው ግን የሦስቱም የጋራ ነው። ይህ ዋጋ አለው። በአንድ ጊዜ ሦስት ትክክለኛ መልስ ስላለ የአጥቂው ዕድል ከ200,000 አንድ የነበረው ከ67,000 ገደማ አንድ ወደ መሆን ያድጋል። አስልተን፣ ተነጋግረን ተቀበልነው፤ እናቶቻችን ደጅ እንዲቀሩ ከማድረግ ይሻላል።

ስለ ሰዓት አንድ ነገር ልጨምር። የጽሑፉ ናሙና መልእክት «ኮዱ እስከ 10:20 ይሠራል» ይላል። ሰርቨሩ 10:20 የሚለው በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 4:20ን ነው። መልእክቱን ጠዋት ያነበበ ሰው ግን «እስከ ቀኑ አስር ሰዓት ጊዜ አለኝ» ብሎ ስልኩን ያስቀምጣል። ይህን ከልባቸው ያደረጉ አባላት ነበሩን። በአማርኛ በሚላክ መልእክት ላይ የሰዓት ቁጥር አታስቀምጡ፤ «ለ10 ደቂቃ ይሠራል» በሉ። ዱባይ ላለው ልጅም፣ ዋሽንግተን ላለችውም እኩል ይገባቸዋል።

መልእክቱ ራሱም መለካት አለበት። በላቲን ፊደል የሚጻፍ አንድ ኤስኤምኤስ 160 ፊደል ይይዛል፤ አንድ የግዕዝ ፊደል ሲገባበት ግን አቅሙ ወደ 70 ይወርዳል። ከ70 ካለፈ ተቆርጦ በሁለት ክፍል ይሄዳል፤ የሁለት መልእክት ዋጋ ይከፈልበታል፤ አንዱ ክፍል ከዘገየም ሙሉው ይዘገያል። የጽሑፉ ናሙና በ«ውድ ደንበኛችን» ጀምሮ ምስጋና አሰምቶ ኮዱን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል። የእኛው ይህ ነው፦ «482913 የእድር መግቢያ ኮድ ነው። ለ10 ደቂቃ ይሠራል። ለማንም አይንገሩ።» ክፍት ቦታውና ነጥቡ ሁሉ ተቆጥሮ 49 ነው። ኮዱ ከፊት ስለሆነ ስልኩን ሳይከፍቱ ከላይ ብቅ በሚለው ማሳወቂያ ላይ ይነበባል።

ኮዱ የሚጻፍበትን ቦታ ስድስት ትንንሽ ሳጥን ማድረግ ፋሽን ሆኗል፤ ናሙናውም እንደዚያው ነው። ኮፒ አድርጎ ልለጥፍ ያለ ሰው የመጀመሪያዋን አሃዝ ብቻ ያገኛል። አንድ ሳጥን አድርጉት፣ የቁጥር ኪቦርድ እንዲመጣ አድርጉ፣ አውቶኮምፕሊቱንም «ዋን ታይም ኮድ» በሚለው ስያሜ ሙሉት። አይፎን ከ2018ቱ አይኦኤስ 12 ጀምሮ ኮዱን ከኤስኤምኤሱ ራሱ አንሥቶ ያቀርባል።

«ለአፍታ የሚኖር ነገር ስለሆነ እንዳለ ቢቀመጥ ችግር የለውም»

ዳታቤዙን ማንበብ የቻለ ሰው፣ ባክአፕ (የዳታቤዙን ቅጂ) ያገኘ ወይም በኤስኪውኤል፣ በዳታቤዝ መጠየቂያው ቋንቋ፣ በኩል ቀዳዳ ያገኘ፣ የሰውን ስልክ ቁጥር አስገብቶ ኮድ ያስልካል፤ ከዚያ ኮዱን ከሠንጠረዡ አንብቦ ይገባል። አስር ሰከንድ አይፈጅበትም፤ ስለዚህ ዕድሜው ማጠሩ እዚህ ላይ ምንም አይከላከልም።

ይህን የሚያውቁ አንዳንዶች ደግሞ «እሺ፣ በኤስኤችኤ-256 ሃሽ አደርገዋለሁ» ይላሉ፤ ወደ ኋላ በማይመለስ ቀመር እለውጠዋለሁ ማለታቸው ነው። ለረጅም ሚስጥር ይሠራል፤ ለ6 አሃዝ ግን አይሠራም። ሚሊዮኑን አማራጭ ሁሉ ሃሽ አድርጎ ማመሳከር ለተራ ላፕቶፕ የሰከንዶች ሥራ ነው። መፍትሔው ኤችማክ የሚባለው ባለ ቁልፍ ሃሽ ነው፤ ከዳታቤዙ ውጭ፣ በሰርቨሩ ሴቲንግ ውስጥ ብቻ የሚቀመጥ ቁልፍ ይጨመርበታል። ሠንጠረዡን የሰረቀ ሰው ቁልፉ ከሌለው የያዘው ለምንም አይሆነውም። የተጠቃሚውንና የጥያቄውን መለያም አብራችሁ አስገቡበት፤ ያኔ የአንዱ ኮድ በሌላው ስም አይሠራም። ኮዱን የሎግ ፋይል (የሰርቨሩ የሥራ መዝገብ) ላይ የሚያትመውን መስመርም አጥፉ። ለሙከራ ተጽፎ ሳይነሣ የቀረ ያ መስመር በሁለቱም ልጆች ሥራ ላይ ነበር።

ስለ ራንደሙ። ናሙናው የጃቫስክሪፕቱን ማት ራንደም ይጠቀማል። ክሮምና ኖድ (ጃቫስክሪፕትን በሰርቨር ላይ የሚያስኬደው) የሚጠቀሙበት ሞተር ቪ8 ቁጥሩን የሚያወጣው በሂሳብ ቀመር ነው፤ በቂ ውጤቶችን የሰበሰበ ሰው ቀጣዩን ማስላት ይችላል። አጥቂው ወደ ራሱ ስልክ ደጋግሞ ኮድ እያስላከ ይሰበስባል፤ ቀጥሎ የእናንተን ቁጥር ያስገባል። በኖድ የክሪፕቶውን ራንደም ኢንት፣ በፓይተን ሲክሬትስ የሚባለውን ሞጁል ተጠቀሙ። የሚቀየረው አንድ መስመር ነው።

ደግሞ ኮዱን ኢንቲጀር አድርጋችሁ አታስቀምጡት። 004271 የነበረው 4271 ሆኖ ይቀራል፤ ከአስር ኮድ አንዱ በዜሮ ስለሚጀምር ከአስር ሰው አንዱ ያለ ጥፋቱ ይመለሳል። ናሙናው ይህን የሸሸው ከ100000 ጀምሮ ያለውን ብቻ በማውጣት ነው፤ ከሚሊዮኑ 100,000ውን አማራጭ በከንቱ ጣለ። ጽሑፍ አድርጋችሁ አስቀምጡት፤ ከፊት በዜሮ ሙሉት።

«የጊዜ ገደቡን ቆጣሪውና የማጽጃው ሥራ ያስከብሩታል»

እዚህ ላይ ብዙ አልቆይም። ገጹ ላይ የሚታየው ቆጣሪ ለተጠቃሚው መረጃ ነው፤ ጥያቄውን በቀጥታ ወደ ኤፒአዩ (ፕሮግራሞች ከሰርቨሩ ጋር ወደሚነጋገሩበት በር) የሚልክ ሰው አያየውም። ሌሊት የሚሄደው ማጽጃ ደግሞ ጠዋት የወጣን ኮድ እስከ እኩለ ሌሊት ያኖረዋል። በናሙናው ማረጋገጫ ውስጥ ሰዓት የሚያይ መስመር ስለሌለ «60 ሰከንድ» የተባለው ኮድ በተግባር ቀኑን ሙሉ ይሠራል። ናሙናውን አስነሥቼ ሞከርኩት፤ ኮድ ጠይቄ ምሳ በልቼ መጥቼ ገባሁበት። የማለቂያው ሰዓት ከኮዱ ጋር በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ የጋራ ሰዓት) ይቀመጥ፤ ማረጋገጫው በእያንዳንዱ ሙከራ ይየው። ሬዲስ በሚባለው ማከማቻ ላይ ዕድሜ ሰጥቶ ማስቀመጥም ይሆናል።

አንዴ የሠራ ኮድ ሁለተኛ መሥራት የለበትም። ይህም በአንድ ትእዛዝ ነው የሚደረገው፦ «ጥቅም ላይ ያልዋለና ጊዜው ያላለፈ ከሆነ፣ ውሏል ብለህ ምልክት አድርግበት»፤ የተለወጠው ረድፍ አንድ ከሆነ ይግባ፣ ዜሮ ከሆነ ይመለስ። ሰውየው ሲገባ የሴሽን መለያውን (ሰርቨሩ የገባውን ሰው የሚያውቅበትን ቁጥር) በአዲስ ቀይሩ። በኮድ ፈንታ በኢሜይል የመግቢያ ሊንክ የምትልኩም አላችሁ፤ የድርጅቶች የኢሜይል ማጣሪያዎች ሊንኩን ቀድመው ስለሚከፍቱት አንዴ ብቻ የሚሠራው ሊንክ ባለቤቱ ሳይነካው ይቃጠላል። ሊንኩ ገጽ ብቻ ይክፈት፤ የሚያስገባው ገጹ ላይ ያለው ቁልፍ ይሁን።

«ስልክ ቁጥሩ ሰውየው ነው»

በእኛ አገር አንድ ስልክ የቤተሰብ ነው። አባትየው የተመዘገቡበትን ቁጥር ልጅየው ይዞት ይወጣል። ውጭ አገር ያለው ደግሞ በኢትዮጵያ ቁጥሩ ተመዝግቦ ሲም ካርዱ መሳቢያ ውስጥ እያለ አገልግሎቱ ይቋረጣል። የተቋረጠ ቁጥር ተመልሶ ለሌላ ሰው ይሸጣል። በ2021 የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አሜሪካ ውስጥ ለአዲስ ደንበኛ ሊሰጡ የተዘጋጁ 259 ቁጥሮችን ሲፈትሹ 171ዱ ከቀድሞ ባለቤቶቻቸው አካውንት ጋር እንደተያያዙ አገኟቸው። በናሙናው አሠራር አዲሱ የቁጥሩ ባለቤት አንድ ኮድ አስልኮ የቀድሞውን ሰው የክሊኒክ መዝገብ ይከፍታል። እኛ አንድ አካውንት ለረጅም ጊዜ ሳይገባበት ከቆየ በኮድ ብቻ አንከፍትም፤ የእድሩ ጸሐፊ ደውለው ያረጋግጣሉ። ለትልቅ ሲስተም ይህ አይሆንም፤ ግን ሁለተኛ የመመለሻ መንገድ ቀድሞ ማሰብ ለሁሉም ግድ ነው።

ሲም ካርድ ማስቀየርም አለ፤ አጥቂው የሰውን ቁጥር በራሱ ሲም ላይ ያስወጣል። መልእክቱን መንገድ ላይ መውሰድም አለ። የመወያያ ድረ ገጹ ሬዲት በ2018 ሲጠለፍ የሠራተኞቹ ኮድ በኤስኤምኤስ መንገድ ላይ እንደተወሰደ ራሱ አሳውቋል። የኒስት መመሪያም በስልክ መስመር የሚላክ ኮድን አልከለከለም፤ የተገደበ ብሎ ለይቶ አስቀምጦታል። ይህ ማለት ኤስኤምኤስ ይቅር ማለት አይደለም፤ ለእድር መዋጮ ይበቃል ብለን እንጠቀምበታለን። ገንዘብ ማውጣት ወይም የስልክ ቁጥር መቀየር ላይ ግን ብቻውን አናምነውም።

ብዙ የሚያጋጥመው ጥቃት ደግሞ ቴክኖሎጂ እንኳ አይፈልግም። ቴሌግራም የሚጠቀም ሁሉ ይህን ያውቀዋል፦ ከሚያውቁት ሰው ስም «ይቅርታ፣ በስህተት ቁጥርዎን አስገብቼ ኮድ ወደ እርስዎ መጥቷል፤ ቢልኩልኝ» ይላል። ልኮ የጨረሰ ሰው አካውንቱ የለም። ኮዱ 60 ሰከንድ ቢሆንም ተጠቂው በ20 ሰከንድ ይልከዋል። መልእክታችን ላይ «የእድር መግቢያ» እና «ለማንም አይንገሩ» የሚሉት የገቡት ለዚህ ነው፤ ኮዱ ምን እንደሚከፍት ያወቀ ሰው ቆም ብሎ ያስባል።

ጸሐፊው ያላነሡትን አንድ ነገር ላንሣ። ናሙናው ያልተመዘገበ ቁጥር ሲገባ «ይህ ቁጥር አልተመዘገበም» ይላል። በእድር ላይ ምንም አይደለ ይሆናል። በክሊኒክ ላይ ግን ማንም ሰው የጎረቤቱን ወይም የእጮኛውን ቁጥር አስገብቶ እዚያ እንደሚታከሙ ማወቅ ይችላል ማለት ነው። ለተመዘገበውም ላልተመዘገበውም መልሱ አንድ ይሁን፦ «ቁጥሩ ከተመዘገበ ኮድ ይደርስዎታል።»

«ኦተንቲኬተር አፕ ለእኛ ሰው አይሆንም»

በከፊል እስማማለሁ፤ ለደብረ ብርሃኗ እናት አፕ አውርጂ አልላትም። ግን የሲስተሙ አስተዳዳሪዎች፣ ዶክተሮችና የሂሳብ ሠራተኞች ለምን አይጠቀሙም? አሠራሩ ከ2011 ጀምሮ አርኤፍሲ 6238 በሚባለው ሰነድ የተደነገገ ነው። ስልኩና ሰርቨሩ አንድ ሚስጥር ይጋራሉ፤ ሁለቱም ከሰዓቱ ላይ በየ30 ሰከንዱ ያንኑ ቁጥር ያሰላሉ። ኔትወርክ አያስፈልገውም። ኤስኤምኤስ በሚዘገይበት አገር ይህ ትልቅ ነገር ነው።

የገጠመን እንቅፋት ሌላ ነበር። የእድሩ ገንዘብ ያዥ የአፑን ቁጥር ሲያስገቡ ሁልጊዜ ስህተት ይላቸዋል። ስልካቸውን ሳየው ሰዓቱን በእጃቸው በስድስት ሰዓት ወደ ኋላ መልሰው የእኛን አቆጣጠር እንዲያሳይ አድርገውታል። አፑ የሚያሰላው የስድስት ሰዓት በፊቱን ኮድ ነው። ሰዓቱን ወደ አውቶማቲክ መለስነው፤ በአማርኛ አቆጣጠር የሚያሳይ የሰዓት አፕም ጫንንላቸው። ስልኩና ሰርቨሩ ተስማሙ። በመመሪያችሁ ላይ ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር ብታስገቡ ብዙ የስልክ ጥሪ ይቀርላችኋል።

ከሐሰተኛ ገጽ የሚያድነው ግን ኤስኤምኤሱም አፑም አይደለም። በ2022 ብዙ ኩባንያዎች ላይ በደረሰው ዘመቻ አጥቂዎቹ የመግቢያ ገጽ አስመስለው ሠርተው ሠራተኞች የጻፉትን ኮድ እዚያው በዚያው ይጠቀሙበት ነበር። የመልእክት መላኪያ አገልግሎት የሚሰጠው ትዊሊዮ ተጠለፈ። የኢንተርኔት ደህንነት ኩባንያው የክላውድፍሌር ሦስት ሠራተኞችም የይለፍ ቃላቸውን በሐሰተኛው ገጽ ላይ ጽፈው ነበር፤ አጥቂዎቹ ግን አልገቡም፤ ኩባንያው ለሁሉም የሰጠው የደህንነት ቁልፍ (በእጅ የሚያዝ ትንሽ መሣሪያ) ከትክክለኛው ድረ ገጽ ውጭ አይሠራምና። ዛሬ ያው ዘዴ ፓስኪ በሚል ስም በስልካችን ውስጥ አለ፤ በጣት አሻራ ይከፈታል፤ ተጠቃሚው የሚያነበውም የሚናገረውም ቁጥር የለውም። እኛ በያዝነው ዓመት ለገንዘብ ያዡና ለጸሐፊው አስገብተንላቸዋል፤ አባላቱ በኤስኤምኤሱ ይቀጥላሉ።

ጸሐፊውን የምጠይቃቸው ጽሑፋቸውን እንዲያነሡት አይደለም። ናሙና ኮዱን ሰው እየቀዳው ስለሆነ አራት ነገር ቢያርሙልን፦ ከማመሳከሩ በፊት የሚቆጥር ገደብ፣ በማረጋገጫው ውስጥ የሰዓት ፍተሻ፣ የክሪፕቶው ራንደም፣ በኤችማክ የተቀመጠ ኮድ። አራቱ ተደምረው ሃያ መስመር አይሞሉም። ከፈቀዱ እኔ ጽፌ እልክላቸዋለሁ፤ የክሊኒኩን ቀጠሮ ለሠራው ልጅ ትናንት ማታ ልኬለታለሁ፤ ዛሬ ጠዋት ሥራ ላይ አውሎታል።